ለኦፕራሲዮኑ የተያዘው ጾም

ከሻዓራይም ወደ ቢሉ ሴንተር በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ስድስት ትንንሽ ጠርሙሶች በፌስታል የያዘች ሴትና ከኋላ እኔ ነበርን።

«ልጄ፣ ይሄን የሚያጠነክር መጠጥ አውቀዋለሁ። ለኒቱዋሕ ነው?»

«አዎ አባባ፣ ኦፕራሲዮን አለብኝ። የአንጀት ካንሰር ነው፤ ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል።»

«ታዲያ ሁሉም እንደታሸገ ነው፤ ለምን አትጠጪውም?»

«እስከዚያው እጾማለሁ ብዬ ተስያለሁ። እግዚአብሔር የሐኪሞቹን እጅ እንዲመራልኝ።»

«እኔም ያው ሕመም ይዞኝ እንዳንቺው ጾሜ ነበር። ዶክተሯ ሚዛን ላይ አቁማ አየችኝና ‹አጥንት አልቀድም› ብላ መለሰችኝ።»

«ውይ! ከዚያስ?»

«በቀን ሁለት ሁለት ጠጣሁ። ጣፋጭነቱ አንገሸገሸኝ፤ ግን ከተቀደድኩ በሦስተኛው ቀን ኮሪደሩን በእግሬ ዞርኩት። ነርሷ ‹ወዴት ሊያመልጡ ነው?› እስክትለኝ ድረስ!»

«ስለቴስ አባባ? በአፌ ተናግሬያለሁ እኮ።»

«የቀረውን ጾም ለእኔ ስጪኝ። እኔ እጾመዋለሁ፣ አንቺ ጠጪ።»

«ሳያውቁኝ?»

«ስምሽን ንገሪኝ፤ ለጸሎቱ እሱ ይበቃኛል።»

«አዝመራ።»

«ቤሰደር፣ እሺ አዝመራ፣ በይ ክፈቺው።»

ክዳኑን ከፍታ የመጀመሪያውን ስትጎነጭ፣ እኔም ከኋላ ወንበር ላይ አብሬያት ዋጥኩ።