ድንጋዩን ካነሣህበት መልሰው

በእኛ ዘመን ሞተር ሳይክል ላይ የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነበር፤ ወይ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያደርስ ተላላኪ ነው፣ ወይ እናቱን የማይሰማ ጎረምሳ ነው። ከኋላ ተፈናጣ የታየች ሴት ደግሞ አለቀላት፤ እስክታገባ ድረስ ሰፈሩ ስሟን ሲያላምጥ ይከርማል። እና እኔ ያንን ዘመን በጨዋነት ተሻግሬ፣ መጽሐፌን እያገላበጥኩ፣ ከማንም ኋላ ሳልቀመጥ አርጅቼ፣ ታዲያ በሰባ አንድ ዓመቴ እዚህ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ላይ ተፈናጠጥኩ። አትሳቁ። ሳልጨርስ አትሳቁ።

ያፈናጠጠችኝ የወንድሜ ልጅ ማህሌት ናት። ማውንቴን ቪው የሚባል ከተማ ኮምፒውተር ላይ ትሠራለች፤ ያኔ ሠርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አባቷ ታምራት ታናሼ ነው፣ ሳን ሆዜ ነው ያለው። እናታችን የወለደችው ሁለታችንን ብቻ ነው፣ ሌላ ዘመድ አልቋል። ታዲያ ከዚህ ሰው ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቃል አልተነጋገርንም። ልጅቷ ደግሞ፣ «አባቴና አክስቴ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ካልመረቁኝ ሠርግ አልሠራም» ብላለች። ካርዱ ታትሟል፣ አዳራሹ ተይዟል፣ እሷ አልሠራም ትላለች።

ለምን እንደተጣላን አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ግን ልድገመው፣ ስደግመው ይሻለኛል። እናቴ አዲስ አበባ ስትሞት እኔ እዚህ ኦፕራሲዮን ተደርጌ ተኝቼ ነበር፣ ታምራት ያኔ እዚያው ነው። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ለታመመ መርዶ አይነገርም፣ ብቻውን ላለ መርዶ አይነገርም፣ ትዳንና ይነገራታል ይባላል። ዳንኩ፤ አልነገሩኝም። እናቴ ጆሮዋ ደክሞ ስልክ አይሆናትም ነበርና የምንገናኘው በደብዳቤ ነው፣ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጽፋል። እና ከሞተችም በኋላ መጻፉን ቀጠለ። «ልጄ ሆይ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ብቻ ነው» እያለ፣ ስምንት ወር። እኔም ለሞተች ሴት የጉልበት ቅባት እልክ ነበር። በኋላ እዚሁ ሄይዋርድ ከተማ ክርስትና ተጠርቼ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ አንድ ጉርሻ አጎረሰችኝና፣ «የእናትዎ ተዝካር ላይ እኮ ነበርኩ፤ እንዴት ያለ ድግስ መሰለዎት» አለችኝ። ጉርሻው አፌ ውስጥ ነበር። እንዴት እንደዋጥኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ታዲያ ታምራት አሜሪካ ከገባ በኋላ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ላከብኝ። በመጨረሻው አንድ ቄስ መጡና «ወንጌሉ ይቅር በሉ አይልም ወይ?» ሲሉኝ፣ «ወንጌሉን እኔም አንብቤዋለሁ አባ» ብዬ ሻይ ቀድቼ ሸኘኋቸው።

እና አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ማህሌት ሁለት ሄልሜት አንጠልጥላ መጣች። «አክስቴ፣ አንድ ቀን ይስጡኝ፣ ኮስቱን፣ የባሕሩን ዳርቻ ላሳይዎት። የሚወዱት ዓይነት ሂስቶሪ አለበት» አለች። አባትሽ አለበት ወይ አልኳት። «ኖ፣ እኔና አንድ ጓደኛዬ ብቻ።» ጓደኛ የተባለው በር ላይ የራሱ ሞተር ላይ ተቀምጧል፤ ጥቁር ጃኬት፣ ፊቱ የማይታይ ጥቁር ሄልሜት። ራሱን ነቀነቀልኝ። ዝምተኛ ነው አለችኝ። እናንተ አትድከሙ፣ አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ ታምራት ነበር። በወጣትነቱ የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኖ ሞተር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እኔ ግን በምን ልወቀው፤ ሳውቀው ሽንብራ የሚያህል ሆድ አልነበረውም፣ አሁን ጃኬቱ አልዘጋ ብሎታል።

ተነሣን። ከኦክላንድ ወደ ማዶ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ስንወጣ ጮህኩ፣ ከድልድዩ ስንወርድ እየሳቅሁ ነበር፤ መካከሉ ላይ ምን እንደሆነ አላውቅም። ነፋሱ ጉንጬን እንደ ጨርቅ ያራግበዋል። ባሕሩ በቀኝ በኩል ብቅ ሲል፣ ልጆቼ፣ «ጨምሪ» አልኳት። እኔ። አውቶቡስ ሲፈጥን ለሹፌሩ አቤቱታ የምጽፈው እኔ።

መጀመሪያ የቆምነው አንድ አሮጌ የጭቃ ጡብ ቤት ዘንድ ነው። ማህሌት ኩራት በኩራት ሆና ታስጎበኘኛለች፣ እኔ ሰሌዳውን አነበብኩ፤ ለቤቱ ባለቤት ሦስት አንቀጽ፣ እዚያ ላለቁት የአገሬው ሰዎች አንድ መስመር። «ይኸንንስ የትም አውቀዋለሁ» አልኩና ወጣሁ። ከዚያ ገደሉ አናት ላይ በጦርነት ጊዜ ባሕሩን ይጠብቁበት የነበረ የሲሚንቶ ጎጆ አየን። የጠበቁት ጠላት ሳይመጣ ቀርቷል፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ መብራት ቤቱ ጋ ደረስን፤ ነጭ ሆኖ ረጅም፣ ለመርከብ የሚያበራ። እዚያ ምሳ ፈታን፣ እንቁላል በዳቦ። ለዝምተኛው ብዘረጋለት እጁን አወዛወዘ። ጾም ነው ወይ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እንግዲህ በሃምሳው ቀን፣ ጾም ጭራሽ በሌለበት ሰሞን፣ እንቁላል በጾም የሚመልስ ሰው። ፕሮቴስታንት ይሆናል፣ አያውቅም ብዬ ተውኩት። ሄልሜቱን እንዳያወልቅ መሆኑን የት አውቄ።

መብራት ቤቱ ጋ ያለው ሰሌዳ በመልእክተኛ ርግብ ስም የተሰየመች መርከብ እዚያ ተሰብራለች ይላል። ታዲያ እኔ ዝም የሚል ሰው ሳገኝ አፌ ይፈታል፤ ዞር ብዬ፣ «የእኔም ወንድም መልእክተኛ ነበር፤ የሙት ደብዳቤ የሚያመላልስ» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት፣ ስድቡንም አልቀነስኩም፣ እያጣፈጥኩ። ሰውዬው ወደ ባሕሩ ዞረ። ጥሩ አድማጭ ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ወደ ጠጠራማው ዳርቻ ወረድን። ሰውዬው ከፊታችን ቀድሞ ሄደና፣ ዱባ የሚያህል ድንጋይ ተሸክሞ፣ እየተንገዳገደ ወደ እኔ መጣ፤ እግሬ ሥር ተንበረከከና ማጅራቱ ላይ ሊያኖረው ይሞክራል። ሄልሜቱ እያንሸራተተ አላስቀምጥ አለው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በመጨረሻ ማህሌት «ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ» ብላ ሄልሜቱን መነጨቀችው፣ ቁርጥ የአባቴ መላጣ ብቅ አለ።

አወቅሁት። ግንድ ላይ ቁጭ አልኩ። የአባቶቻችንን ሥርዓት ታውቃላችሁ፤ የበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል፣ የተበደለ አውርድ እስኪል አያወርድም። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች የመናፈሻው ጠባቂ ልጅ እየሮጠች መጣች። እዚህ ዳርቻ ጠጠር እንኳ ማንሣት ክልክል ነው፣ ያስቀምጡት ትላለች። ታምራት እንዳጎነበሰ «አይቻልም» ይላል። ማህሌት በእንግሊዝኛ ታስረዳለች፤ አባቴ ነው፣ አክስቴ ናት፣ ባህል ነው፣ አውርድ ማለት የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ጠባቂዋ አሰበች፣ አሰበችና ወደ እኔ ዞራ፣ «እንግዲያው እባክዎን ይንገሩት» አለችኝ በትሕትና።

«ትንሽ ይቆይ» አልኳት።

እና ጠየቅሁት። «ከሞተች ወዲያ ስምንት ወር ሙሉ እንዴት እጅህ ታዘዘልህ?»

ታምራት ከድንጋዩ ሥር መሬት መሬቱን እያየ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ «እትዬ፣ ቁጭ ብዬ ስጽፍ እኮ አጠገቤ ሆና የምትነግረኝ ይመስለኝ ነበር» አለ። «የቀብር ቀን አላለቀስኩም። አንቺ ሰምተሽ መጻፍ ስታቆሚ ነው ያለቀስኩት። ያን ቀን ነው የሞተችብኝ።»

ይኸን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማንም ሽማግሌ አልነገረኝም። ለካ እኔ ስምንት ወር ተታለልኩ ስል፣ ሁለታችን ነን ስምንት ወር እናት የነበረችን። ጠባቂዋ ምን አለ ብላ ማህሌትን ትጠይቃለች፣ ማህሌት ታለቅሳለች።

«አውርደው» አልኩት። «ግን ካነሣህበት መልሰው፤ ሕግ ነው።»

ታዲያ ካነሣበት ጠፋው። አራታችንም፣ ጠባቂዋም ጭምር፣ ዳርቻውን ጎንበስ ብለን የድንጋዩን ጉድጓድ ስንፈልግ፣ ማዕበሉ ጫማችንን እያጠበው፣ ታምራት ዱባውን ታቅፎ «እዚህ ነው፣ አይ እዚህ ነው» እያለ፣ እኔ ሳቅ ወገቤን ቆርጦት ውሃው ላይ ልቀመጥ ምንም አልቀረኝ።

ስንመለስ ከማህሌት ኋላ ወርጄ ከእሱ ኋላ ወጣሁ። እና ወገቡን ጥርቅም አድርጌ ይዤ፣ ከዚያ ዳርቻ እስከ ኦክላንድ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ጆሮው ላይ ጮህኩበት። አንድ አላስቀረሁም። ቤቴ በር ላይ ሞተሩን አጠፋ፣ ሄልሜቱን አወለቀና፣ «ነፋሱ አላሰማኝም እትዬ፣ ምን እያልሽ ነበር?» አለኝ። ግባ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።

«ታዲያ ከልብዎ ታረቁት?» አለችኝ ከአድማጮቼ አንዷ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ፊት ለፊት ሰድቤው አላውቅም ነበር እኮ፤ ያልታረቁትን ሰው ማን ይሰድባል?