የፊቱን ፍሬን ያስማልኩት

መርዶው በደረሰኝ ማለዳ ከሽማግሌዎቹ ኋላ የባለቤቴ ባልደረባ ደሳለኝ ቆሞ ነበር። ሁለቱም የእንስሳት ሐኪሞች ናቸው፤ በየሞተር ሳይክላቸው ከኩልመስክ ሲመለሱ ባለቤቴ ቁልቁለቱ ላይ ገደል ገባ። ለቅሶው ጋብ ሲል፣ "ፍሬን አልያዘም እንዴ?" አልኩት። "የኋላውን ብቻ ረገጠና ጎማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተበት። ቁልቁለት ላይ እኮ ሁለቱንም ነው የሚይዙት፤ የፊቱን ቀስ እያደረጉ። ስነግረው፣ 'ምያለሁ፣ ተወኝ' ይለኛል" አለኝ።

ያስማልኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ደጃችን ላይ የፊቱን በድንገት ጨምድዶ ይዞ በአናቱ ሲተከል አይቼ፣ ሁለተኛ እንዳይነካው በገነተ ማርያም አስማልኩት። "እሺ እመቤቴ፣ የእግሩ ይበቃኛል" ብሎ ሳቀብኝ። ከአርባው በኋላ ይህንኑ ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። "ልጄ፣ እንዲህ ያለውን መሐላ መጥታችሁ ብትነግሩኝ እፈታላችሁ ነበር" አሉኝ። ለጎረቤትም ለእናቱም አልተናገርኩም፤ ብቻዬን ይዤው እውላለሁ። እናንተ ግን ቃሉን ጠብቆ መሞቱን እወቁልኝ። የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው፤ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።