መዳፍ የምታህል ስርጉዳት

ሄሎ?... አቤት፣ ራዲና ነኝ። ጋሽ ዶብሪን! እንዴት ዋሉ?... ምሳ ላይ ነበርኩ፣ ግድ የለም። ስንዴው እየገባ ነው?... ሁለት ሦስተኛው ሞላ? ጎበዞች።

ምን መታው?... የትራክተር ተጎታች? የብረት ጎተራውን?... በደረት ቁመት ላይ። — እማዬ፣ ሬዲዮውን ቀንሺልኝ። — እሺ፣ ይቀጥሉ።

መዳፍ የምታህል ብቻ... ትንሽ ናት፣ አልተከራከርኩም። ግን መሐንዲሷ እኔ ነኝ፣ ሳላይ «ሙሉት» ብዬ አልፈርምም።... ዝናብ እንደሚመጣ እኔም ሰምቻለሁ። አይቆጡ።

የስርጉዳቷን ጥልቀት ለክታችኋል? ቀጥ ያለ ብረት ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ?... አሁን? ስንት?... አስራ አራት ሚሊ ሜትር። የጎተራው ግድግዳ ራሱ እኮ ውፍረቱ አራት ነው!

... አዎ፣ አስራ አምስት ዓመት ችሎታል። አስራ አምስት ዓመት ክብ ነበራ! ያን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው በውፍረቱ አይደለም፣ በክብነቱ ነው። ትንሽ ከጎበጠ ሸክሙ እዚያች ላይ ያጥፈዋል። ቀስ ብሎ እንዳይመስልዎት፤ በአንዴ ነው።

ሄሎ? ይሰሙኛል?... ምን አደረጋችሁ?... ስቱኮ ሞልታችሁ ቀለም ቀባችሁት? እኔ ስመጣ እንዳላየው?... እና አሁን ስቱኮው ረገፈ። ስቱኮውን ከመሙላታችሁ በፊት ጥልቀቱ ስንት ነበር?... ስድስት።

ጋሽ ዶብሪን፣ ያድምጡኝ። ስድስት የነበረው አስራ አራት ሆኗል። ስቱኮው የረገፈው ብረቱ ከሥሩ ስለተንቀሳቀሰ ነው። ስንዴ መሙላቱን ያስቁሙ።... አይ! ከታች እንዳትከፍቱት! ስንዴው ሲወርድ ግድግዳውን ይዞት ይወርዳል። ማንም አይጠጋው።

ሥሩ ማን አለ?... እትዬ ስቶያንካ? ሚዛን ቤት?... አውቃለሁ፣ የመጨረሻው መኪና ሳይመዘን መዛኝ ሚዛኑን አይለቅም። ዛሬ ይለቃል!... ሚስትዎን ፈርተው ነው? በድምፅ ማጉያው ይጥሯት፣ አሁኑኑ!

...

ሄሎ? እትዬ ስቶያንካ? በእጅ ስልክዎ ነው የደወሉት?... አዎ፣ እኔ ነኝ ያስወጣሁዎት።... ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን ሚዛኑን ጥለው አልወጡም። አውቃለሁ።... የት ነው የቆሙት? በሩ ላይ?... ይስደቡኝ፣ ግን እየሄዱ ይስደቡኝ። ወደ መንገዱ።... ከሾፌሮቹ ጋር። አዎ።... እኔ «የከተማ ልጅ» ነኝ፣ እሺ።... መንገዱ ጋ ደረሱ? ጥሩ—

ምንድን ነው ድምፁ?... እትዬ?... እትዬ ስቶያንካ!

... ጎተራው ወደቀ?... ሚዛን ቤቱ አይታይም። እሺ። እሺ፣ ይተንፍሱ።... ጋሼስ?... ደህና ናቸው። ተመስገን። ሾፌሮቹን ይቁጠሩልኝ።... አምስት። ስንት ነበሩ?... አምስት።

አያልቅሱ። እዚያው ይቁሙ፣ መጣሁ።