ስም አልባው መዝገበ ቃላት

ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበርና ሽማግሌው አርታኢ ትንፋሽ አጥሯቸው ደረጃው ላይ ቁጭ ባሉበት፣ ከላይ ስትወርድ የነበረችው የወንድማቸው ልጅ አገኘቻቸው። ሁለቱም የሚደክሙት ለአንድ ማኅበር የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት ነው፤ ባለሙያው ሁሉ የሙያውን ቃል በነጻ እየጻፈ የገነባው። ድሮ ማንም እንዳይሸጠው ተከልክሎ ነበር። ሰሞኑን ግን ፈቃዱ ተለውጦ የፈለገ ሁሉ አሳትሞ እንዲሸጠው ተፈቀደ።

«ጋሼ፣ የጸሐፊዎቹ ስም የት ገባ?» አለች፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ።

«አስወጣሁት። ‹የማኅበሩ ሥራ› ይላል፤ አይበቃም? ለስሙ የሚሟገት ሰው መጀመሪያውኑ በጎ አላሰበም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰዎቹ የሰጡን አይሸጥም ብለን ነው። ቃላችንን አጠፍን። ስማቸውን ደግሞ ስንነሳቸው ምን ቀረላቸው? ስሕተት ቢገኝ ማን ይጠየቃል? ነገስ ማን አምኖ ይጽፍልናል?»

አርታኢው ሳቁ፤ በክርክር ተረትተው አያውቁም። «ግማሾቹ እኮ ሞተዋል። ሙት አይከስ፤ ምን አስጨነቀሽ?»

ልጅቱ አቀረቀረች። «እትዬም ሞተዋል» አለች ቀስ ብላ።

እትዬ የምትላቸው የአርታኢውን ሚስት ነው። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የስፌቱን ቃላት ከሙያ ጓደኞቻቸው ጋር የጻፉት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌው ይህን ረስተውት ነበር። ሰው የቤቱን ሙት ሳይቆጥር ስለ ሙታን መቀለድ ይቀለዋል።

«ስሞቹ ያሉበትን የድሮውን ገጽ ክፈቺልኝ።»

«እንዲሰረዝ አዘዙ እኮ፣ ጓዙ ይቅለል ብለው። ቅጂውም የለም።»

ስልኳን ተቀብለው ስፌት ስፌቱን አነበቡ። ዕድሜ ልካቸውን አብረው የኖሩትን ሴት አነጋገር ከሌላው መለየት አቃታቸው። አንድ ቦታ ላይ ግን እጃቸው ቆመ፦ «ዘምዘማ፤ የጨርቅን ጫፍ አጥፎ መስፋት። ባል ሱሪው ሲረዝምበት ብቻ የሚያስታውሰው ሙያ።»

«ይሄ የሷ ነው። አውጪው ብያት እምቢ ያለችኝ።»

«ሌላውስ?»

«አላውቀውም፣ ልጄ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ልክ ነሽ። በሕይወት ያሉትን ፈልገን እንጠይቅ፤ ከእንግዲህ ስም ያልያዘ ጽሑፍ ከቶ አይውጣ።»

ምክሩ መልካም ነው፤ ለሚመጡት ይጠቅማል። ጸሐፊ ይተማመናል፣ አንባቢ የሚጠይቀውን ያውቃል፣ ልጅ የእናቱን ድካም ያገኛል። ያለፉት ግን አለፉ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከስፌቱ ጸሐፊዎች በሕይወት ያለ አልተገኘምና፣ ዛሬ በስፌት ገጽ ላይ ሁለት ስሞች ብቻ አሉ። የሚስትዮዋ ስም ዘምዘማ በሚለው ቃል ሥር ብቻ ተጽፏል። በቀሩት ቃላት ሁሉ ሥር ደግሞ፣ አርታኢው ራሳቸው እንዳዘዙት፣ የጸሐፊውን ስም ያጠፉት እሳቸው መሆናቸው ከነስማቸው ሰፍሯል።