የእሑዱ አስታማሚ

«ዘንድሮ ብርዱ ቀድሞ ገባ አይደል፣ መቅዲ? ገና ኅዳር ሳይጋመስ እኮ ነው። እኛ ዘንድ አማኑኤል ጧት ጧት ሣሩ ላይ ውርጭ ወርዷል አሉኝ። ጤፉም ደርሷል፤ አጫጆቹ ነገ ይገባሉ። አንች ግን ያን ጋቢ ደረብ አርጊው እንጅ፣ ልጄ። አንች ከታመምሽ እናትሽን ማን ሊያስታምማት ነው?»

ደብሪቱ ይህን የምትለው ብርቱካን እየላጠች ነው። የምታዋራት መቅደላዊት ከአምበር የመጣች መምህርት ናት፤ ከጎን ባለው አልጋ ላይ የተኛችውን እናቷን ታስታምማለች። ደብሪቱ ደግሞ የምታስታምመው ዘሪቱን ነው። ዘሪቱ እናቷም እህቷም አይደለችም፤ አገራቸው አማኑኤል ላይ አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ዘሪቱ ከደጇ አዳልጧት ወድቃ የጭን አጥንቷ ከተሰበረ፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተኝታ እግሯ ላይ ክብደት ከተንጠለጠለበት ሃያ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ነገ ጧት ኦፕራሲዮን ትደረጋለች።

ብርቱካኑን ያመጣው መሳፍንት ነው፤ ከግርጌ በኩል ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የዘሪቱ አንድ ልጅ ነው። ዛሬ ረፋድ ላይ ከአዲስ አበባ ገባ፤ ስምንት ተኩል ላይ በሚነሣው ሚኒባስ ይመለሳል፣ ሾፌሩም የፊት ወንበር ይዞለታል።

መሳፍንት ተዋናይ ነው። በየሳምንቱ እሑድ በሚታየው የሆስፒታል ድራማ ላይ የታመመች እናቱን የሚያስታምመውን ልጅ ሆኖ ይጫወታል። ከዘሪቱ አልጋ ትይዩ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ስላለ ክፍሉ በሙሉ ያውቀዋል። ቅድም ሲገባ ሰው ሁሉ ተነሣ፤ መነሣት የሚችለውን ማለቴ ነው። አስታማሚዎቹ አብረውት ፎቶ ተነሱ፤ ሲስተርም ተነሳች፤ መቅደላዊትም ሁለት ጊዜ ተነሳች። ይህ ሁሉ ከጥየቃው ሰዓት ግማሹን ወሰደ። ከዚያ እናቱን ጉንጭና ጉንጯን ስሞ ተቀመጠ፤ እሷም ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች ትመስላለች። መሳፍንት ግን እናቱ ስትተኛ አፏን ከፈት እንደምታደርግ ያውቃል፤ አሁን አፏ ግጥም ብሏል።

«ትናንት አየሽው አይደል ድራማውን? ያ ጉሉኮስ መቼም ይገርመኛል። እዚህ ከገባን ጀምሮ እያየሁት አንድ ጠብታ አልጎደለም። የተባረከ ጉሉኮስ ነው። የኛው እኮ ቡና ፉት እስክትይ ያልቃል… ሲስተር ደግሞ እንዴት እንደሳቀች! ዶክተሩ ራጁን ገልብጦ ነው የያዘው አለችን። ኦክስጅኑም አገጯ ላይ ሆኖ ነው ሴትዮዋ የምታወራው። እኔ ምን አውቃለሁ? ራጁ ቢገለበጥስ፣ አጥንቱ እንደሁ ያው አጥንት ነው። ሊፕስቲኳንም ተይው፤ የታመመ ሰው አይኳኳልም ያለው ማነው? ሰው መቼም ስሕተት ሲለቅም ይውላል። እኔ ድራማውን የምወደው ለሌላ ነው።»

የተላጠውን ብርቱካን ለሁለት ከፈለችው።

«ለልጁ ነው የምወደው።»

መሳፍንት ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። ከገባ ጀምሮ ሁሉም ሲያመሰግነው ነው የቆየውና የደብሪቱም ተራ የደረሰ መስሎት ፈገግታውን አዘጋጀ። ደብሪቱ ግን ወደሱ አልዞረችም።

«እንዲህ ያለ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ እስቲ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእናቱ አልጋ ንቅንቅ አላለም። ስንከፍተውም እዚያው ነው፣ ስንዘጋውም እዚያው ነው። ሸሚዙ አይጨማደድ፣ ፀጉሩ አይንጨባረር… እኔን እዪኝማ። ሃያ ሦስት ቀን ምንጣፍ ላይ ተኝቼ ወገቤም የኔ አይደለ፣ ፊቴም የኔ አይደለ። እግሬ አብጦ ጫማዬ አልገባም ብሏል። እሱ ግን እንደገባ አለ! ፍቅር ይሆናላ። እናቱን ከልቡ የሚወድ ሰው አያድፍም ማለት ነው።

«ሾርባ ሲያጎርሳት አየሽው? እፍ ብሎ፣ በከንፈሩ ሞክሮ… እኔ አለቀስሁ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ አለቀስሁ። ፖፖ ሲያቀርብላት ብቻ አላሳዩንም። ምናልባት የቴሌቪዥን እናቶች ፖፖ አያስፈልጋቸው ይሆናል፣ እኔ እንጃ። ወይ ደግሞ እሱ ሲያቀርብላት ካሜራው ያፍርና ዞር ይል ይሆናል። ጨዋ ካሜራ ነው።»

መሳፍንት ሳያስበው ወደ አልጋው ሥር ተመለከተ። ፖፖው እዚያ አለ፤ ታጥቦ ተደፍቷል። ማን እንዳጠበው ለመጠየቅ አልደፈረም፤ መልሱ የሆነችው ሴት ከፊቱ ተቀምጣ ብርቱካን ይዛለች።

«ወንዶቹ ክፍል ያሉት ሽማግሌ ግን አናደዱኝ። ‹ጉሉኮሱንም እንመን፣ ራጁንም እንመን፣ ልጁን ግን አናምንም› አሉ። ዛሬ ማን ወንድ ልጅ ነው ሥራውን ጥሎ ሦስት ሳምንት አልጋ ሥር የሚቀመጥ፣ ይሄን የጻፈው ሰው ሆስፒታል ደጁን ረግጦ አያውቅም አሉ። ሰማሽልኝ? እኔ ዝም አልልም መቼም። ‹ምን ማለትዎ ነው፣ አባቴ? ከእውነት አድርጎት ባያውቅማ እንዴት እንዲህ ይችልበታል?› አልኳቸው። አይደለም እንዴ? ሰው ያልሠራውን ይችላል? ትራሱን ገልብጦ በቀዝቃዛው በኩል ማድረግን ማን አስተማረው? እጇን በትኩስ ውኃ አርሶ መጥረግን ማን አስተማረው? እናቱን አስታሞ ነዋ! ቢያንስ አንድ ቀን… አስታሞ ነዋ።»

የብርቱካኑን ግማሽ ለመቅደላዊት ሰጠቻት። መቅደላዊት ተቀብላ ወለሉን ታያለች። ስልኳ ውስጥ ያሉትን ሁለት ፎቶዎች ማጥፋት ይኖርባት እንደሆነ እያሰበች ይመስላል። ደብሪቱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገች።

«ደግሞ ስልኩን! ገና ከአልጋው ጎን ሲቀመጥ ድርግም አርጎ ነው የሚያጠፋው። ‹እናቴ ጋ ነኝ› ብሎ። እዚህ ግን አንዲት በሽተኛ አለች፣ ስሟን አልጠራም፣ ሰው ማማት ይሆንብኛል። ልጇ ጋ ስትደውል የምታነሳላት አንዲት ሴትዮ ናት። ‹የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊያገኟቸው አይችሉም› ትላታለች። መቼም እንዲህ ያለች ትሁት ሴትዮ! ሃያ ሦስት ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ሰለቸኝ አላለችም። በሽተኛዋም ለመደቻት። ‹እግዜር ይስጥልኝ ልጄ› ብላት ነው አሁን የምትዘጋው። ባትኖር ኖሮ ከማን ጋ ታወራ ነበር? በይ እስቲ ንገሪኝ።»

መሳፍንት ኮሞዲኖው ላይ ያስቀመጠውን ስልኩን አየ። ያልተነሱትን ጥሪዎች በልቡ ሊቆጥር ጀመረና ተወው። ቀረጻ ላይ ስልክ ይጠፋል፤ ውሸት አይደለም። ቀረጻው ካለቀ በኋላም ‹አሁን መሽቷል፣ ነገ እደውላለሁ› ይል ነበር፤ ይህም ውሸት አልነበረም፣ በየቀኑ ነገ ይል ነበር። አፈረ። ማፈሩን ግን የሚያሳይበት ቦታ አጣ፤ ሰዎቹ ገና ከጎንና ከጎን ሰረቅ እያረጉ ያዩታል፣ አንዷም ከወዲያ ጥግ ሆና ትስቅለታለች።

«የጸሎቱንስ ነገር ሰማሽ? አንች ያን ቀን አምበር ደርሰሽ ልትመጭ ሄደሽ ነበር። ባለፈው እሑድ የቴሌቪዥኗ እናት ጠናባት አይደል? ክፍሉ ተላቀሰ። በማግስቱ ቄስ ወልደ ሰንበት ጠበል ሊረጩን ሲመጡ ሴቶቹ ‹አባ፣ አንዲት ጭንቅ ላይ ያለች እናት አለች፣ ለሷም ይጸልዩላት› አሏቸው። እሳቸው የት ቴሌቪዥን አይተው! ሌላ ክፍል የተኛች መስሏቸው ‹የክርስትና ስሟን ንገሩኝ› አሉ። ማን ያውቃል? ሁሉም ተያየ። ያለ ክርስትና ስም ደግሞ እንዴት ተብሎ ይጸለያል? በቃ ይቅር ሲባል ያች የነገርኩሽ በሽተኛ ‹በኔ ስም ይጸለይላት› አለች።»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። ዝቅ ያለው ድምጿ ከበፊቱ ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«‹ወለተ ሚካኤል ብለው ይጸልዩላት፣ አባ። እሷ ከዳነች ልጁ አያዝንም› አለች። ለራሷ ኦፕራሲዮን እየጠበቀች ነው እኮ፣ መቅዲ! ስሟን ለቴሌቪዥን አዋሰችው። አባም ጸለዩ። አሁን እኔን የሚያሳስበኝ ጸሎቱ ለየትኛዋ እንደደረሰ ነው። የቴሌቪዥኗ ትናንት ቀና ብላ ሾርባዋን ጠጥታለች። የኛዋ ግን ይኸው፣ እንደተኛች ናት…»

ወለተ ሚካኤል። መሳፍንት ይህን ስም ለመጨረሻ ጊዜ የሰማው ልጅ ሳለ እናቱ ስትቆርብ ነው፤ ቀሚሷን ይዞ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ድራማው ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ሲደርስ እንባው ‹ቀረጻ› እንደተባለ ይመጣለታል፤ አዘጋጁም በዚህ ያመሰግነዋል። አሁን ግን ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልመጣለትም። እናቱን አያት። የዓይኗ ቆብ ትንሽ ይርገበገባል።

«ነገ የእናቲቱ ኦፕራሲዮን ይቀረጻል አሉ። የቴሌቪዥኗን ማለቴ ነው፣ ቅድም ፎቶ ሲነሱ እዚሁ ሲወራ ሰምቼ። ልጁ ካልደረሰ ሥራው ሁሉ ይቆማል አሉ። እንዴታ! እናት ኦፕራሲዮን ልትገባ ልጅ ካልደረሰማ ምኑን ሥራ ሆነ? እሷ ምን አለባት፣ ሲያስገቧት በር ድረስ እጇን ይዞ ይሸኛታል፣ ስትነቃም መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። የኛዋንም ዶክተሩ ዛሬ ጧት ጠይቋታል። ‹ነገ ከእርስዎ ጋ ማን አለ?› አላት። ‹ደብሪቱ አለች› አለችው። ደብሪቱ ግን የለችም። ነግሬሽ የለ፣ አጫጆች ይገባሉ። ባሌ ሃያ ሦስት ቀን ዱቄቱን ራሱ አስፈጭቶ፣ ላሟን ራሱ አልቦ አንድ ቀን ነይ ብሎኝ አያውቅም። ትናንት ነይ አለኝ። ልሂድለት እንጅ፣ እሱም ሰው ነው።»

ከኮሪደሩ የዘበኛው ድምፅ ተሰማ፤ የጥየቃ ሰዓት አብቅቷል፣ ካርድ የሌለው ይውጣ ይላል። በዚህ ክፍል ሕጉ አንድ ነው፤ ለአንድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ፣ ለአንድ አስታማሚ አንድ ካርድ። የዘሪቱ ካርድ ደብሪቱ አንገት ላይ ነው የከረመው። አሁን በሁለት እጇ ከአንገቷ አወጣችው።

«ይች ክር አንገቴን ፋቀችው። ቴሌቪዥን ላይ ካርድ የለም፣ ልብ ብለሻል? ሁሉም ዝም ብሎ ይገባል፣ ዝም ብሎ ይወጣል። ሲስተር ይሄን ስሕተት ሳታይ መቅረቷ! እዚህ እኮ ያለሷ ዘበኛው የታወቀ ሰው ነው ብሎ አያሳድርም። በይ እዚህ ላይ አኖራታለሁ። የሚያነሳት ካለ ያነሳታል። ከሌለ ሲስተር ትወስዳታለች።»

ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ኮሞዲኖው ላይ፣ ከብርቱካኑ ልጣጭና ከመሳፍንት ስልክ መሀል አኖረችው። ስልኩ በዚያው ቅጽበት መንዘር ጀመረ። ሾፌሩ ነው። መሳፍንት ተነሣ፤ ወደ ስልኩ ይሁን ወደ ካርዱ እንደተነሣ ግን ራሱም አላወቀም። እጁን ዘርግቶ ቆመ። ስልኩ ነዝሮ ነዝሮ ዝም አለ፣ እንደገናም ጀመረ።

ደብሪቱ ዕቃዋን በአንድ ፌስታል ጠቅልላ ጨርሳለች። ጎንበስ ብላ የዘሪቱን ግንባር ሳመች፤ ብርድ ልብሱን ከእግሯ በኩል አስተካከለችላት። መቅደላዊትንም አቅፋ ሳመቻትና እናቷን እንዲምርላት መረቀቻት። ከዚያ በር ላይ ስትደርስ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ቆም ብላ ዞረች። ያየችው ቴሌቪዥኑን ነው፤ ጠፍቷል።

«እስቲ ያን ልጅም መርቄው ልሂድ፣ ሃያ ሦስት ቀን አይቼው እንዲያው ዝም ብዬ ብሄድ ነውር ነው። ሥራውን ያቅናለት። ስሙን ያስጠራለት። መንገዱን ጨርቅ ያርግለት፣ ለነገ ቀረጻው በሰዓቱ ያድርሰው። ለእናቱም… የትም ትተኛ የት፣ ከአልጋዋ ትይዩ ቴሌቪዥን አይንሳት።»

«አሜን» አለች ዘሪቱ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።