እጅ ያልነካው ሳምባር

ቪሳላም፣ ትኩሳቱ ለቀቀሽ? ተመስገን፤ ፊትሽም መለስ ብሏል። ባልዲሽን ወዲህ በይው፣ እኔ ልሳብልሽ፤ ገና ጉልበትሽ አልጠናም። ዘንድሮ ከተማችን ኩምባኮናም ዝናብ ጠገበች መቼም፤ ጉድጓዱ አፉ ድረስ ሊሞላ ምን ቀረው? ... ጮክ አልኩብሽ እንዴ? ይቅርታ የኔ እህት፣ ይሄ መዘውር ሲጥ ሲጥ ሲል የማልሰማሽ እየመሰለኝ ነው። እኛ ሰገነት ላይ ልብስ የምትሰበስብ ሰው ብትኖርም... ትስማ። ምን ክፉ ነገር ልናወራ ነው?

የአባባ የሰማንያ ዓመት በዓል? አማረ እንጂ። ባለሙያ ባለበት ቤት እንዴት አያምር? መቅረትሽ ነው የቆጨኝ።

አንቺ ታውቂያለሽ፣ ትልቋ ምራት ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ የዚህን ቤት ምድጃ የያዝኩት እኔ ነኝ። አማቴ፣ የአባባ ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ኮኮናት አፈጫጨቱንም፣ ሰናፍጭ አጠባበሱንም፣ ሁሉን ያስተማሩኝ ከዚያች ከድንጋይ ድስታቸው ፊት አስቀምጠው ነው። ግን የኔ የድሮ ነው፤ ማን ያየዋል? ሙያ ምን እንደሆነ የገባን የባሌ ታናሽ ወንድም ቼናይ ከተማ ሄዶ ሚስት ሲያመጣ ነው። በስልክ ቪዲዮ ስንቱን ሰው ወጥ የምታስተምር ሴት እኮ ናት። እሷ ስለ ሳምባር፣ ስለ ክክ ወጣችን፣ ስታወራ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? በአፍ ብቻ ታጠግባለች። ስሟን ምን አስጠራኝ፤ በስም የሚነሳ ጉድለት ያለበት ሰው ነው፣ እሷ ምን ጎደላት?

ደግሞ ደግነቷ። "የአባባን ግብዣ ብቻዬን ነው የምሠራው፣ ትልቅ እህቴ ትረፍ" አለች። ትልቅ እህቷ እንግዲህ እኔ ነኝ። አሳረፈችኝ... እሷንም እግዜር ያሳርፋት።

በበዓሉ ጠዋት ገላዋን ታጠበች፣ እርጥብ ሳሪዋን ተጠቀለለች፣ "ነጽቻለሁ፣ ማንም እንዳይነካኝ፣ ማንም ደፉን እንዳይረግጥ" ብላ የወጥ ቤቱን በር ከውስጥ ቀረቀረች። አማቴ እንኳ፣ ያ ሁሉ ንጽሕና እያላቸው፣ በር ዘግተው አብስለው አያውቁም። ሙያ በልብ ነው ሲባል ነበር የምሰማው፤ በመቀርቀሪያ መሆኑን ያን ቀን አየሁ።

እኔ አዳራሹ ውስጥ ምግቡ የሚቀርብበትን ኮባ እያጠብኩ ነው። ጆሮዬ መቼም ልማድ አለበት፤ አሁን ሰናፍጩ ዘይት ላይ ሲንጣጣ እሰማለሁ ብዬ ብጠብቅ... ዝም። ወፍጮውም ዝም። የካሪ ቅጠል ሽታም የለ። እንዴት ያለ ንጽሕና ነው አልኩ፣ ድምፅ እንኳ የማይነካው። እጇንም ብታዪው፣ ዱቄት አልነካው፣ ጥቀርሻ አልነካው፤ እንዲህ ንጹህ እጅ በዘመኔ አላየሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ረጋ ያለችማ በጓሮ በር ተቀበለች... ተቀበለች አልኩ እንዴ? ምርቃት ማለቴ ነው። ምርቃት ተቀበለች።

ለመሆኑ ባንቺ ጓሮ በኩል ረፋዱ ላይ ባጃጅ ቆሞ ነበር? የት ታያለሽ፣ አልጋ ላይ ነበርሽ። እኔም አላየሁም። አየሁ የሚሉ አሉ። ከመናኸሪያው ጀርባ ካለው ሆቴል ነው የመጣው ይላሉ፣ የወጥ ባልዲዎች ጭኖ። ሰው እኮ ሲመቀኝ የማይለው የለም።

ምሳ ሆነ። ሰዉ በረድፍ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ኮባው ተነጠፈ፣ አባባ ከካህኑ ጎን ተቀመጡ። ሩዙ ወጣ፣ ቅቤው ተንጠባጠበበት፣ ሳምባሩ ፈሰሰበት። እውነት ለመናገር ቀለሙ ያምራል። ካህኑ አንድ ጊዜ ጎረሱና ማላመጣቸውን አቆሙ። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ከአፋቸው አንድ ነገር አወጡና ኮባው ጠርዝ ላይ አኖሩት። ነጭ፣ ስስ፣ እንደ ቀለበት ክብ።

ሽንኩርት።

በኛ ቤት፣ ቪሳላም። በበዓል ቀን። ሽንኩርት ለኛ ርኩስ ነው፤ ደጃችንን ረግጦ እንደማያውቅ ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ አማቴ ሽንኩርት የሸተተ ሰው ከገባ በኋላ ደፉን ውሃ ይረጩት ነበር።  የሁሉም ዓይን ወዴት እንደሄደ ልንገርሽ? እሷ ግን እንዴት ያለች ጨዋ መሰለችሽ፤ ማንኪያዋን ይዛ ቀጥ ብላ ቆማለች። ማንኪያው ብቻ ነው በእጇ ላይ የሚንቀጠቀጠው። ደስታ ይሆናል።

ካህኑ የትከሻ ጨርቃቸውን ሰበሰቡ፤ ሊነሱ ነው። እሳቸው ከተነሱ ሁሉም ይነሳል፤ የሰማንያ ዓመቱ ምርቃት ወደ መርዶ ሊለወጥብን ነው። የባሌ ወንድም መሬት መሬቱን ያያል። እኔ የአሬራውን ማንቆርቆሪያ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ያን ጊዜ አባባ ቀና አሉና "እስቲ ጨምሪልኝ" አሏት። "ዕድሜዬን እንዲህ ያለ ሳምባር በልቼ አላውቅም።"

በዓሉ የሳቸው ነው፤ እሳቸው እየበሉ ደግሞ ማን ይነሳል? ካህኑ ጨርቃቸውን መለሱና ሩዙን ገፋ አድርገው እርጎ ይበሉ ጀመር። አባባ ግን ደጋግመው አስጨመሩ፤ ቀለበት ቀለበቱን ሁሉ ሳይለቅሙ በሉት።

እኔ ምንም አልተሰማኝም። ምን ይሰማኛል? ስንት ዘመን ሳበስልላቸው "እስቲ ጨምሪልኝ" ብለውኝ የማያውቁ ሰው እንዲህ አፋቸው ሲፈታ ደስ አይልም? 

ብልህ ሴት ዕድሏን ታውቃለች። ወዲያው ስልኳን አውጥታ፣ ሰዉ ሁሉ እያየ፣ "አባባ፣ እንግዲህ የእማማን የድንጋይ ድስት መርቁልኝ" አለች። አባባ እኔን አዩኝ፣ እሷን አዩ። "ውሰጂው" አሉ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ብለው ይጥሉሃል ይባል የለ? ሳይጣፍጡም ድንጋይ የሚሸለሙ እንዳሉ ማን ያውቃል?

ይኸውልሽ፣ ዛሬ ጠዋት ለተከታዮቿ የአማቷን ሙያ ልታሳይ ተነሳች። ድስቱን ባዶውን ጋዙ ላይ ጣደችውና እሳቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ያ ድስት እኮ መጀመሪያ የሩዝ ውሃ እየጠጣ፣ በለስላሳ እሳት እየተባበለ የሚሞቅ ነው፤ እንደ ሽማግሌ ነው። እኔ ግቢ ውስጥ ሆኜ "ቷ" ሲል ሰማሁት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ሲሉ ጨርቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሳት የላሰች ናት ይሏት የለ? እውነት ነው፤ እሳቱ ነው እንጂ ገና ያላወቃት።

ደግሞ አላለቀሰችም፣ ጠንካራ ናት። "የድሮ ዕቃ ጥራት የለውም" ብላ ወደ ሰገነቱ ወጣች።

አባባ ሁለቱን ስባሪ ታቅፈው አዳራሹ ውስጥ የተንጠለጠለው ዥዋዥዌ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። በአውራ ጣታቸው ውስጡን፣ አማቴ ዘመናቸውን ሙሉ ያማሰሉበትን ቦታ፣ ቀስ እያሉ ዳሰሱት። "ድስት ነው" አሉ።  ቆየት ብለው ጠሩኝና ከትናንት ወዲህ ሆዴን ነፍቶኛል፣ ቁንዶ በርበሬ የበዛበት ቀጭን ራሳም፣ ያቺን ሾርባ፣ ሥሪልኝ አሉ። በአሉሚኒየሙ ድስት ሠራሁላቸው። ፉት አሉና "ያው የሷ ነው" አሉኝ። የሟቿን ማለታቸው ነው። እኔም ዞር ብዬ ጭስ ዓይኔ ገባ አልኩ። በጋዝ ምድጃ ላይ ምን ጭስ አለ?

ታዲያ አላስችል አለኝ። አባባ፣ እንዲህ ያለ በልቼ አላውቅም ብለው የለ እንዴ አልኳቸው። ኩባያውን አስቀመጡት።

"ውሸቴን ነው? ከዚያ በፊት ሽንኩርት መቼ በላሁ?" አሉ፣ ሳቅም አሉ። "ልጅቷ ስትንቀጠቀጥ አየኋት፣ ኮማላም። ቤቴ ውስጥ ቆማ እንግዳ ቢነሳባት ዕድሜ ልኳን ይህን ደፍ አትረግጠውም ነበር።"

ድስቱንስ አልኩ። ድስቱን መቼም አንድ ቀን ለአንዷ ሰጪ ነበርኩ አሉኝ።

"አንቺ ያለ ድስቱም ታውቂበታለሽ። እሷ ናት የሚይዛት ነገር የሚያስፈልጋት።"

ይህን ነገር ደግሞ ለማንም እንዳትናገሪ ብለው አስጠነቀቁኝ። እኔም ይኸው ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ሰው ነሽ እንዴ፣ እህቴ ነሽ እንጂ። ሰገነቱ ጆሮ ካለው... የሰገነቱ ጉዳይ ነው።

አባባ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይቅር ይላሉ። እኔ ሰማንያ ዓመት ገና አልሞላኝም።

ወደ ቼናይ ቤቷ የሚመልሳት መኪና መጣ መሰለኝ፤ ሻንጣዋን እያወረዱላት ነው። ልሂድና ግንባሯን ልቀባት፣ አበባ ጠጉሯ ላይ ልሰካላት። ሽማግሌ አማት ያላት ምራት ያለ ሥርዓት አትሸኝም። ውሃሽን ያዥ፣ እንዳይፈስብሽ። በሩ ላይ እንዳይጠፋብኝ ምርቃቴን አንቺ ቀድመሽ ስሚልኝ፤ አሜን በይ ብቻ።

አምላክ ያቺን ንጹህ እጇን ይባርክላት። ልጆቿን ያሳድግላት፤ ባሕር ተሻግረው ይማሩላት፣ ትልቅ ሰው ይሁኑላት። በሰው አገር ሆነው የእናታቸው እጅ ሲናፍቃቸውም... ያ ጣዕም አይጥፋባቸው። በሄዱበት ከተማ ሁሉ፣ በየመንገዱ ዳር፣ በየሆቴሉ ደጅ... ሳይቸገሩ ያግኙት።