የማክሰኞው ወንበር

አባ አዳነ ጋቢያቸውን አጣፍተው እስራኤል ውስጥ በሚኖሩበት በሮቫ ዩድ ሰፈር ከአውቶቡስ ሲወርዱ፣ ከኮሌጅ ከሚመለሰው ጎረቤታቸው ከናዖር ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

"አባ፣ ዛሬም ማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር ላይ ዋሉ?"

"ማክሰኞ አይደለም? ጸሐፊዋ ሲምሓ ውኃ ሰጠችኝ። እንደ አያቷ 'ሳባ' ብላ 'በቅርቡ ይከፈታል' አለችኝ። ደግ ልጅ ናት።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ በቅርቡ?"

የአረጋውያኑ መዋያ፣ ሞዓዶኑ፣ ለጥገና ከተዘጋ ወዲህ የአባ አዳነ ባለቤት እማማ አገሬ የሚያወራቸው ሰው አጥተዋል። ዕብራይስጥ አያውቁም፤ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እያዩ ይውላሉ። በቀደም የልጅነት ጓደኛቸው ስም ጠፍቷቸው አልቅሰዋል።

"አባ፣ የጥገናውን ሰነድ በጽሑፍ እንጠይቅ" አለ ናዖር። " የመረጃ ነጻነት ሕግ አለ። ማንም ነዋሪ ይጠይቃል፤ ለምን ፈለግኸው አይባልም።"

"ሹምን 'ወረቀትህን አሳየኝ' ማለት 'ሌባ ነህ' ማለት ነው! እኛ በጎንደር ደጅ ነበር የምንጠና። ሹሙ አይቶ አይቶ ያዝናል።"

"የጎንደሩ ሹም ሲወጣም ሲገባም ያያችሁ ነበር። የዚህኛው ሹም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንቱን የሚያይዎት የውኃው ማሽን ብቻ ነው።"

ሽማግሌው ሳይወዱ ሳቁ። "አፈኛ! ሲምሓ ብትቀየመኝስ?"

"እሷም መልሱን አታውቀው ይሆናል። ጥያቄው ሲጻፍ ግን ለአለቆቿ የምታሳየው ነገር ታገኛለች። በአክብሮት እንጽፈዋለን።"

አባ አዳነ ፈረሙ። ወር ሳይሞላ መልሱ መጣ። ናዖር እያቋረጠ ተረጎመላቸው፦ ጥገናው ካለቀ ዓመት ሆኖታል። ይከፈትልን ብሎ የጠየቀ ነዋሪ ስለሌለ ቀን አልተቆረጠለትም።

"የጠየቀ የለም?" አሉ አባ አዳነ። "ያን ሁሉ ማክሰኞ የተቀመጥሁት እኔ ማን ነኝ?"

"ወንበር አይጽፍም፣ አባ።"

ሽማግሌው ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። ትዕግሥታቸውን ንቆ ያሳለፈ ሰው አልነበረም፤ ትዕግሥታቸው ግን የትም አልተመዘገበም ነበር። ይህ ከንቀት ይልቅ ከበዳቸው።

"ሌላ ወረቀት አምጣ" አሉ።

ሞዓዶኑ ይከፈትልን የሚል ማመልከቻ አስጽፈው ከአሥራ ዘጠኝ ቤት ፊርማ ሰበሰቡ። ሲምሓ ማኅተም አድርጋ ቅጂውን ስትሰጣቸው በአክብሮት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ግን የጎረቤቱን ሰፈር፣ የሮቫ ዩድ-አሌፉን ገብሩን፣ እንደ እሳቸው ደጅ ሊጠና ጋቢውን ለብሶ ተቀምጦ አገኙት።

"ተነሥ ገብሩ! ጻፍና አስገባ። ለተጻፈ ጥያቄ ቀን ቆጥረው መልስ ይሰጣሉ፤ ደጉም ሠራተኛ ይበረታበታል፣ ቸልተኛውም ያፍርበታል። አክብሮትህም አይጎድል።"

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እማማ አገሬ እንደ ልማዳቸው "መቼ ይሆን የሚከፈት?" ብለው ጠየቁ።

አባ አዳነ ከማዘጋጃ ቤቱ የመጣላቸውን ደብዳቤ ከኪሳቸው አወጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ "በቅርቡ" አላሉም።

"እሑድ" አሉ።